የወረታ መስፋትና በመዝገብ ያልገባው ወጪ

የንግድ ሥራ መሠረቱ ሒሳብ መሆኑን ሚዛን ይዞ ያደገ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ገቢውን ብቻ እየጻፈ ወጪውን የማይጽፍ ባለ ሱቅ ሣጥኑ ገንዘብ በገባበት ቍጥር ያተረፈ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ዓመቱ ሲዘጋና ዕቃው ሲቈጠር መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ሲበላ የኖረው ትርፉን ሳይሆን ዋናውን መሆኑ የሚገለጽለት ያን ጊዜ ነው። በአንድ ሱቅ ላይ የሚደርሰው ይህ ጉዳት በከተማም ላይ ሊደርስ ይችላል። ከተማ ሲሰፋ የሚገኘው ገቢ፣ ይኸውም የሊዙ ክፍያ፣ የቤቱ ኪራይና የንግዱ ግብር፣ እያንዳንዱ በመዝገብ ይሰፍራል። ከተማው ያረፈበት እርሻ በየዓመቱ ይሰጥ የነበረው ምርት ግን በዚያው መዝገብ ላይ የወጪ ዐምድ የለውም።

ይህን ነገር በግልጽ ለማየት ከወረታ የተሻለ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የፎገራ ወረዳ ከተማ ናት። በደብረ ታቦር አልፎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድም የሚገነጠለው ከዚህችው ከተማ ነው። መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ገበያ የሚቆምበት ቦታ ስለሆነ፣ ወረታ የጭነት መኪና ማረፊያ፣ የእህልና የሽንኵርት መጫኛ፣ ለደቡብ ጎንደር ገጠር የሸቀጥ ማከፋፈያ ሆና ኖራለች። ደረቅ ወደብም የተቋቋመላት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከተማዋ ማደጓ የሚያስገርም አይደለም፤ ሊመረመር የሚገባው የምታድግበት አኳኋንና አቅጣጫዋ ነው።

ከከተማዋ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ተራ መሬት አይደለም። ከጉና ተራራ የሚወርዱት የርብና የጉማራ ወንዞች ዘመናት ሙሉ ደለል እየጫኑ ያነጠፉት ጥቁር አፈር ነው። ቀድሞ ሜዳው የሚታወቀው በግጦሹና በወተቷ በተመሰገነችው የፎገራ ላም ነበር። ክረምት ውሃ ይተኛበት ስለነበር ብዙው ክፍል ለጤፍና ለበቆሎ አይመችም ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ግን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በአካባቢው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሩዝ እርሻ ተሞከረ። ጅግና በተባለው ስፍራ ስም የተጠራው የሩዝ ዘርም በገበሬው እጅ ተስፋፋ። ለሌላው እህል ጠላት የነበረው ውሃ ለሩዝ ወዳጅ ሆነ። ዛሬ ፎገራ በአገሪቱ ከታወቁት የሩዝ አምራች ወረዳዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠራ ሲሆን፣ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው በዚሁ አካባቢ ነው።

ከዚህ ሜዳ የሚጠቀመው ገበሬው ብቻ አይደለም። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ መስኖ ባለበትም ሽንኵርትና ቲማቲም ይለማል። ሩዙ ወደ ወረታ መፈልፈያዎች ገብቶ ነጩ ለገበያ፣ ነዶው ለከብት፣ እብቁ ለማገዶና ለልዩ ልዩ ጥቅም ይውላል። ባለ መፈልፈያው፣ ባለ መኪናው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ጆንያና ማዳበሪያ ሻጩ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተርና መለዋወጫ አስመጪው ሁሉ እንጀራቸው ከዚሁ እርሻ ነው። ገበሬው ሩዙን በሸጠበት ሰሞን የልብስና የቆርቆሮ ሱቆች እንደሚደምቁ፣ ምርት በጠፋበት ዓመትም የዱቤው መዝገብ እንደሚረዝም የወረታ ባለ ሱቅ ነጋሪ አያሻውም።

ይህ እንዲህ ሆኖ ሳለ ከተማዋ የምትሰፋው ወደ ላይ በመቆም ሳይሆን ወደ ጎን በመተኛት ነው። ቤቱ፣ መጋዘኑና ነዳጅ ማደያው በአውራ ጎዳናዎቹ ግራና ቀኝ እየተከተለ ይረዝማል፤ ከመንገዱ በስተ ኋላም ሰፋፊ ግቢዎች ይከለላሉ። የሚያሳዝነው ነገር ለቤት መሥሪያ የሚቀልለው መሬት ለእርሻም የተሻለው መሆኑ ነው። ሜዳ ስለሆነ ቅየሳው አያስቸግርም፤ ለመንገድ ስለሚቀርብ ዕቃ ለማራገፍ ይመቻል፤ ተራራ መቁረጥ የለበትም። በመሆኑም የከተማ ቦታ ሲፈለግ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በሩዝ ማሳው ላይ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ለገበሬው ካሳ ይከፈለው የለምን? ታዲያ ወጪው ተመዝግቧል ማለት ነው» ሊል ይችላል። በእርግጥ ሕጉ በዚህ ረገድ ተሻሽሏል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ወስኖ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1161 ደግሞ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ይህ ለገበሬው ፍትሕን የሚያቀርብ ነው። ነገር ግን ካሳ ገንዘብን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ያዛውራል እንጂ አንድ ኩንታል ሩዝ አያበቅልም። ገበሬው ቢካስ እንኳ ባለ መፈልፈያው የሚያጣውን ሥራ፣ ባለ መኪናው የሚያጣውን ጭነት፣ ከብት አድላቢው የሚያጣውን ነዶ የሚቈጥርለት የለም። ደግሞም ስሌቱ የተመሠረተው በ15 ዓመት ገቢ ላይ ሲሆን፣ ማሳው በ16ኛውም በ60ኛውም ዓመት ያፈራ ነበር።

ነገሩ በቍጥር ቢታይ ይበልጥ ይገለጻል። ለምሳሌ ያህል ብቻ 100 ሄክታር የሩዝ ማሳ ወደ ከተማ ቦታ ተለወጠ እንበል። አንዱ ሄክታር 40 ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ቢሰጥ፣ በጠቅላላው 4,000 ኩንታል ይሆናል። ከመቶው 65 እጅ ነጭ ሩዝ ሆኖ ቢወጣ 2,600 ኩንታል፣ ማለት 260 ቶን ይገኛል። ይህም 400 ኩንታል በሚጭን ባለ ተሳቢ መኪና ቢጫን ከ6 መኪና በላይ ነው። አገሪቱ ከምትመገበው ሩዝ የሚበዛውን ከውጭ የምታስገባ ስለሆነ፣ የጎደለው 260 ቶን በውጭ ምንዛሪ መተካት አለበት። የአንዱ ቶን ዋጋ በ500 ዶላር ቢታሰብ በዓመት 130,000፣ በ10 ዓመት 1,300,000 ዶላር ይደርሳል። ጠንቃቃ ነጋዴ ከዚህ ላይ የዘሩና የማዳበሪያው ወጪ መቀነስ አለበት ቢል እውነት አለው፤ ይቀነስ። ከሩዙ በኋላ የሚዘራው ጓያና ሽምብራ፣ ነዶውና እብቁ ደግሞ በሌላው ወገን ይደመር። የምንዛሪ ፈቃድ ወረፋ የጠበቀ አስመጪ የዚህን ቍጥር ክብደት ሳይነገረው ያውቀዋል።

በሌላው ወገን ደግሞ ከተማው በዚያው 100 ሄክታር ላይ ምን ያገኛል? ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለመሳሰለው 40 ሄክታር ቢነሣለት በቀረው 60 ሄክታር ላይ ባለ 200 ካሬ ሜትር ቦታዎች 3,000 ይወጣሉ። የቦታው ፊት 10 ሜትር ቢሆንና ቤቶቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ትይዩ ቢቆሙ 15 ኪሎ ሜትር የውስጥ መንገድ፣ ያንኑ ያህልም የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ያስፈልጋል። እንግዲህ ከአራቱ ቦታ አንዱ ታጥሮ ባዶውን ቢቀመጥ፣ 3 ኪሎ ሜትር ከ750 ሜትር የሚሆነው መንገድ፣ ቧንቧና ምሰሶ የሚያገለግለው ማንንም አይደለም። ከ100ውም ሄክታር የ25ቱ ምርት፣ ማለት በዓመት 650 ኩንታል ነጭ ሩዝ፣ አንድም ሰው ሳያስጠልል ጠፋ ማለት ነው። በአንጻሩ እነዚያው 3,000 ቤተሰቦች ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ላይ ቢሰፍሩ ለመኖሪያ የሚያስፈልገው መሬት ወደ እኩሌታው ይጠጋል። የቧንቧውም የመንገዱም ርዝመት እንዲሁ ያጥራል።

የመሬቱ ጠባይም የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። የፎገራ ጥቁር ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ ያለ በቂ መሠረት የቆመ ግድግዳ ይተረተራል፤ ያለ በቂ ገረጋንቲ የተነጠፈ መንገድም ይሞገሞጋል። አፈሩን ቈፍሮ አውጥቶ ሌላ መሙላት፣ መሠረቱን ማጥለቅ፣ የፍሳሽ መውረጃ ቦይ ማበጀት ግዴታ ስለሚሆን፣ በሊዝ ጊዜ ርካሽ መስሎ የታየው ሜዳ በግንባታ ጊዜ ውድ ይሆናል። ከዚህም በላይ ሜዳው ከሐይቁ ወለል ብዙ ከፍታ ስለሌለው ውሃ የሚተኛበት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሞልተው ሲወጡ በፎገራና በአጎራባች ወረዳዎች ብዙ ሺሕ ሕዝብ ከቤቱ መፈናቀሉ የሚረሳ አይደለም። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ውሃ አይጠጡም፤ ማሳው ይውጠው የነበረው ዝናብ በጣሪያና በንጣፍ ላይ ሲወርድ ወደ ጎረቤት ግቢ፣ ወደ መጋዘንና ወደ ሱቅ ይገባል። የረጠበ ስኳርና የሻገተ እህል ደግሞ በባለቤቱ ኪሳራ ይጻፋል እንጂ ከከተማው መስፋት ጋራ አይያያዝም።

ከሁሉም ይልቅ ተሰውሮ የሚኖረው ወጪ በሐይቁና በረግረጉ ላይ የሚወድቀው ነው። በፎገራ ሜዳ የሚገኙት ወላላና ሸሸር የተባሉት ረግረጎች ለአእዋፍ ማረፊያ፣ ለዓሣ መራቢያ፣ ለከብት በጋ ግጦሽ፣ ለጎርፍም ማብረጃ ነበሩ። ባለፉት አሥርታት ግን ዳር ዳራቸው እየታረሰና ውሃቸው ለመስኖ እየተሳበ እጅግ ጠብበዋል። እርግጥ ነው፣ ረግረጉን ያረሰው ገበሬው እንጂ ከተማው አይደለም። ነገር ግን በከተማ አጠገብ ማሳውን ያጣ ሰው ምግቡን አያቋርጥም፤ ሌላ መሬት ይፈልጋል፤ የቀረው መሬት ደግሞ የግጦሹና የረግረጉ ዳር ነው። በዚህ መንገድ ከተማው በመንገድ ዳር የወሰደውን ያህል እርሻው ከረግረጉ ይወስዳል፤ በከተማ የተበደሩት ዕዳ በሐይቁ ዳር ይከፈላል። የፎገራ ላም ዝርያ መሳሳትም የግጦሹ መጥበብ አንዱ ውጤት ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ቢመዘገብም፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ ዓሣ አስጋሪውንና ጀልባውን ማስቸገሩን አልተወም። ከእርሻውና ከከተሞቹ የሚወርደው ፍሳሽ ለዚህ አረም ምግብ መሆኑ የታወቀ ነው።

የሕዝብ ገንዘብ የወጣበትም ሥራ አለ። የፎገራን ሜዳ በመስኖ ለማልማት ታስቦ በርብ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ግድብ የሚሠራው ውሃው የሚደርስበት እርሻ ይኖራል ተብሎ ነው። ቦዩ ሊደርስበት የሚችል ማሳ በቤትና በአጥር ቢሸፈን፣ ለግድቡ ከወጣው ገንዘብ ድርሻው እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። እንዲህ ያለው ወጪ ከሊዙ ገቢ ጋራ ጐን ለጐን ቢጻፍ ኖሮ አንዳንዱ ሽያጭ ትርፍ ተብሎ ባልተጠራ ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሌላ ገጽ እንዳለው መካድ አይገባም። ወጣቱ ቤት ይፈልጋል፤ ቦታ ሲጠፋ ኪራይ ይወደዳል፤ ነጋዴውም ዕቃውን የሚያኖርበት መጋዘን፣ መኪናውን የሚያዞርበት ሜዳ ያስፈልገዋል። ሩዙ ራሱ ያለ መፈልፈያና ያለ ገበያ ዋጋ የለውም፤ ከተማና እርሻ እንደ ባልና ሚስት የሚደጋገፉ ናቸው። በምሥራቅ በኩል ወደ ደብረ ታቦር እየወጣ የሚሄደው መሬት ከጎርፍ የራቀ ቢሆንም፣ ተዳፋት ስለሆነ መንገዱና መሠረቱ ወጪ አለው። ስለዚህ «ከተማው አይስፋ» ማለት መልስ አይሆንም። መልሱ የሁለቱም ወገን ወጪ ተመዝኖ ርካሹ በእውነት ርካሽ መሆኑ እንዲታወቅ ማድረግ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ለመመዘን የተሞከረው ቀደም ብሎ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 ለፌዴራሉ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተዘጋጀ አንድ ጥናት፣ 10,000 መኖሪያ ያለው ሰፈር በልዩ ልዩ አኳኋን ቢሠራ የመንገዱ፣ የቧንቧው፣ የነዳጁና የመሬቱ ወጪ ምን ያህል እንደሚለያይ አስልቶ፣ ተበታትኖ የሚሠራው ሰፈር ከሁሉ የሚወደድ መሆኑን አሳየ። የተነጻጸሩት ቤቶች መጠናቸው እኩል ስላልነበረ ልዩነቱ ተጋንኗል የሚል ትችት ቢቀርብበትም፣ ሒሳቡን የመክፈቱ ልማድ ከዚያ ወዲህ ጸንቶ ቀርቷል። ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን የዐባይን ውሃ የምትጠጣው ግብፅ ናት። ግብፅ በዐባይ ዳር ያለው ለም አፈር በቤት ሲሸፈንና ለጡብ ሥራ ሲገፈፍ ዓይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 አፈሩን መግፈፍና በእርሻ መሬት ላይ መገንባትን በሕግ ከለከለች። ከዚያም በኋላ ቢሆን ግንባታው ፈጽሞ አልቆመም፤ የጠፋውን ለመተካትም በረሃ ለማልማት ብዙ ገንዘብ አፍስሳለች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃና ለም አፈር ከጠፋ በኋላ መልሶ መግዛቱ እጅግ ውድ መሆኑ ነው።

ስለዚህ በወረታ ሊደረግ የሚገባው ነገር ከባድ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱና የወረዳው የመሬት አስተዳደር በየዓመቱ አንድ ገጽ ሒሳብ ቢያወጡ ይበቃል። ገጹ አምስት ዐምድ ይኑረው፦ በመጀመሪያው በዓመቱ ወደ ከተማ የተዛወረው የእርሻ መሬት ስፋትና ይሰጥ የነበረው ምርት፤ በሁለተኛው የተከፈለው ካሳ፤ በሦስተኛው ለአንድ ቦታ የሚደርሰው የመንገድ፣ የውሃና የመብራት ወጪ፤ በአራተኛው ለአፈር ሙሌትና ለፍሳሽ ቦይ የወጣው፤ በአምስተኛው ተሰጥተው ባዶ የቀሩት ቦታዎች ቍጥር። ይህን ገጽ የነጋዴው ኅብረተሰብ ቢጠይቅና ቢመረምር፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚከፈተው ሰፈር የት መሆን እንዳለበት ለመናገር የሚያስችል ማስረጃ ይኖረዋል። በከተማው ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ሳይሞላ አዲስ ማሳ እንዳይነካ፣ በዋናው መንገድ ዳርም ፎቅ እንዲበረታታ መጠየቅ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው ራሱንም ሊመረምር ይገባዋል። ቦታ አጥሮ ዋጋው እስኪወጣ የሚጠብቀው ማን ነው ቢባል፣ መልሱ ከገበያው ብዙ ርቆ አይገኝም። ገንዘብን ከዋጋ ንረት ለመሸሸግ በመሬት ላይ ማኖር ለአንዱ ሰው ብልኅነት ቢመስልም፣ ሁሉም ሲያደርገው የሁሉም ገበያ ይጠብባል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ፣ ቦታ የወሰደ ሰው ግንባታውን በተወሰነለት ጊዜ እንዲጀምርና እንዲጨርስ ያስገደደው ያለ ምክንያት አይደለም። በታጠረው ባዶ ቦታ ላይ ሩዝ አይታጨድም፤ ዕቃ አይሸጥም፤ ተከራይም አይገባም። በዚያ የታሰረው ገንዘብ መፈልፈያ ቢገዛ፣ መጋዘን ቢያቆም፣ ሩዙን አበጥሮና አሽጎ ለማቅረብ ቢውል የውጩን ሩዝ በጥራት ለመወዳደር ያስችላል።

ጥሬ ሳይመጥን ድስት የሚጥድ ቤት ማልቀሱ እንደማይቀር የባልትና ዐዋቂዎች ይናገራሉ። የፎገራ ሜዳ አንድ ጊዜ በሲሚንቶ ከተሸፈነ ተመልሶ ማሳ አይሆንም፤ ርብና ጉማራ ያን ያህል ደለል ለማንጠፍ የወሰደባቸውን ዘመን የሚጠብቅ ነጋዴ የለም። ወረታ ታድጋለች፤ ማደግም ይገባታል። ነገር ግን ከተማዋን ገበያ ያደረጋት ሜዳው ስለሆነ፣ ሜዳዋን በልታ የጨረሰች ዕለት ሱቆቿ ሁሉ በመንገድ ዳር ተደርድረው ገዢ ሳይኖራቸው ይቀራሉ። መለኪያው በእጅ ሳለ፣ መሬቱም ገና ሳያልቅ፣ መዝገቡ ይከፈት።